ረቡዕ ረቡዕ ስለ ልጄ ስጠየቅ

ልጄ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከጅቡቲ ኮንቴነር ጭኖ ይመጣል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያራግፋል፣ ከዚያ አዳማ እኔ ዘንድ አንድ ሁለት ቀን ተኝቶ ተመልሶ ይሄዳል። እንዲህ ሲል አምስት ዓመት ሠራ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመኪናው ባለቤት ደወለልኝ። «እናቱ፣ ልጅዎ ከመኪናው አልወርድም ብሏል፣ ይምጡና ያነጋግሩት» አለኝ። ሰክሮ ነው ብዬ ነጠላዬን ጣል አድርጌ በሚኒባስ ሞጆ ደረስኩ። አልሰከረም። ጭነቱ ተራግፏል፣ ሞተሩ ጠፍቷል፣ እሱ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እንደዚያው እንደሆነ ዘበኛው ነገረኝ። በሩን ከፍቼ ወደ ላይ እያየሁት «ውረድ እንጂ ልጄ» አልኩት።

«ወርጄ ምን አደርጋለሁ፣ እማዬ?» አለኝ።

ቁጣ የለበትም፣ እንባም የለበትም። እውነት መልስ ፈልጎ ነው የጠየቀኝ። እኔ «ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ሌላ ምን ልታደርግ ኖሯል» አልኩት። ወረደ። መልሴ ግን ለጥያቄው አልበቃም ነበር። ይሄን ያወቅሁት ብዙ ቆይቼ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲያ መኪና አልነካም። ያን ጊዜ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ጫት ድሮም ይቅማል፤ ለመንገዱ ነው፣ እንቅልፍ እንዳይጥለው ነው እያልን ሁላችንም ምክንያት ሰጥተነው ነበር። አሁን ግን መንገድም ጭነትም ሳይኖር ከምሳ በኋላ ወጥቶ ሲቅም ይውላል። ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ይጠጣል፤ ጨብሲ ነው የሚሉት። በማግስቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። እኔም ጠላቴ ጫቱ ብቻ መሰለኝ። ኪሱን እፈትሻለሁ፣ ያገኘሁትን አጥር ለምታዋስነኝ ጎረቤቴ ፍየል እሰጣለሁ። ጎረቤቴ የአርሲ ልጅ ናት፤ ገበያም አጠገቤ ነጭ ሽንኩርት ትሸጣለች፣ እኔ ቲማቲምና ቃሪያ እሸጣለሁ። «አንቺ ሴትዮ ተይ» አለችኝ አንድ ቀን፤ «ልጅሽን ሳታስተዪው ፍየሌን አስለመድሽብኝ። ከሰዓት ሲሆን አጥሩን እያየች ትጮኻለች።»

ጠበልም ወስጄዋለሁ። ሰባት ቀን ተጠመቀ፣ ሰባቱንም ቀን ዝም አለ። ሐኪም ቤት ስንሄድ መጀመሪያ ያየው ሰው «በቅድሚያ ሱስህን ተው፣ ከዚያ ስለ ድብርቱ እንነጋገራለን» ብሎ መለሰው። ልጄ ለሁለት ሳምንት ጨክኖ ተወ። በሁለቱ ሳምንት ከአልጋ አልወረደም። በሦስተኛው ወደ ጫቱ ሄደ፣ እኔም እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቆሞ ሲሄድ በማየቴ ደስ አለኝ።

እዚያው ሐኪም ቤት አንዲት ተመራማሪ ያገኘነው ከዚህ በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ እየተመላለሰች እዚህ አዳማ የምታጠና ሐኪም ናት። ልጅነቷ አዳሚ ቱሉ ነው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እንደፈለገች ትናገራለች። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ ነገሩን ደጋግማ አስረዳችኝ።

«እናቴ፣ እስከ ዛሬ ሱሱን ትተህ ና፣ ድብርቱን ከዚያ እናክማለን ስንል ኖረናል። ሰውየው ግን ድብርቱን የሚያስታግሰው በሱሱ ነው። ታዲያ ማስታገሻውን ጥሎ እንዴት እስከ እኛ ይደርሳል? ሁለቱን አንድ ላይ ብናክማቸውስ? እኔ የማጠናው ይሄንን ነው።»

«ይድንልኛል?» አልኳት።

«አላውቅም። ባውቅማ አላጠናም ነበር።»

እንዲህ የሚል ሐኪም አይቼ አላውቅም። ሐኪም ያውቃል፣ ወይም ያወቀ ይመስላል። ፈራሁ፤ ግን ሌላ በርም አልነበረኝም። የፈቃድ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችልን። ጥናት መሆኑን፣ በፈለገ ሰዓት መውጣት እንደሚችል፣ መድኃኒት እንደሚወስድና በየሳምንቱ እየተቀመጡ እንደሚነጋገሩ። እኔ ደግሞ አብሮት እንደሚኖር ሰው በየሳምንቱ ስለ እሱ እጠየቃለሁ። ልጄ ሳያይ ፈረመ። «ራስህም አንብበው እንጂ» ስለው «ሹፌር ስንት ወረቀት ይፈርማል፣ እማዬ» አለኝ።

ገበያ ላይ ለጎረቤቴ ነገርኳት።

«ለሙከራ ሰጠሽው? ምን፣ አይጥ ነው እንዴ?»

«አይጥ መቼ ይጠየቃል? እሱ ተጠይቆ ፈርሟል።»

«አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?»

«በየሳምንቱ ስለ እሱ እናገራለሁ።»

«በቃ፣ ዶክተሯ አለቀላት! አንቺ ወሬ ከጀመርሽ ማን ያስቆምሻል?»

ተሳሳቅን። ወሬ ያጣሁት ግን እዚያው ዶክተሯ ቢሮ ውስጥ ነበር።

ቀጠሯችን ረቡዕ ነው። እሱ ቀድሞ ይገባል፣ እኔ ደጅ አግዳሚ ላይ እጠብቃለሁ። ሲወጣ እኔ እገባለሁ። በሩ ሳንቃው ሳስቶ ከታች ክፍተት አለው፤ እኔ ግን የውስጡን ላለመስማት ወደ ግቢው ዛፎች አያለሁ። ስገባ ዶክተሯ ብድግ ትላለች።

«እንዴት ከረሙ እናቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ልጅዎስ በዚህ ሳምንት እንዴት ነው?»

«ተመስገን፣ ደህና ነው።»

ከዚያ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ጨዋታው ትጠይቀኛለች። ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ፤ ከሦስቱ አንዱን እላለሁ። እኔ ጥሩ እላለሁ። አንዳንዴ ለወጉ መካከለኛ እላለሁ። «መጥፎ» የሚለውን አንድም ቀን አላስመዘገብኩም።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛ ነገር እኛ ስንጠየቅ ያደግነው በዚህ ነው። ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ ሰው እንዴት ነህ ሲባል ተመስገን ይላል። ጎረቤቴም በኦሮምኛዋ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ስትባል፣ ስትታመም ያደረች ቢሆንም «ነጋ» ትላለች፤ ሰላም ነው ማለቷ ነው። ደግሞ የልጅን ገመና ለባዕድ መዘርገፍ ያሳፍራል። ከሁሉ የባሰው ግን ፍርሃቴ ነው። ከመቂ ከሚስቱ ጋር የሚመጣ አንድ ሰውዬ ነበር። ሚስቱ አግዳሚው ላይ «ትናንትም ጠጥቶ ገባ፣ ሁሉንም ነገርኳት» ስትለኝ ሰምቻለሁ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ያልተሻለው ሰው ይባረራል ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅሁም። እኔ ዘንድ «መጥፎ» ማለት ልጄን በገዛ አፌ ከመድኃኒቱ ማስወጣት ሆነ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እኮ ግማሹ እውነት ነበር። ክኒኑን ጠዋት ጠዋት በእጄ እሰጠዋለሁ፣ ይውጣል። ጫቱን ቀነሰ፣ ኋላ ተወ። መጠጡንም ተወ። እኔ ድል ያደረግሁ መሰለኝ። ግን ጫቱ ሲሄድ ጫቱ ሸፍኖት የነበረው ነገር ቤታችን ቀረ። ንግግሩ አጠረ። እንጀራውን ዳር ዳሩን ቆርሶ እጁን ይታጠባል። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ከዚያ ዕቃውን ማደል ጀመረ። የቆዳ ጃኬቱን ለጓደኛው ሰጠ። «ሞቆኝ ነው» አለኝ። አዳማ ነው፣ መቼም ይሞቃል፤ ተቀበልኩት። ከሳምንት በኋላ መንጃ ፈቃዱን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

«አንቺ ጋ ይሁን።»

«ለምን? ነገ ልትነዳበት አይደለም እንዴ?»

«አዎ… ይሁን ግን።»

ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። አደራ ሰጠኝ ብዬ ራሴን ልሸነግል ሞከርኩ። ነገር ግን አውቄ ነበር። ምን እንዳወቅሁ በአፌ ልለው አልቻልኩም እንጂ አውቄ ነበር።

በዘጠነኛው ረቡዕ ዶክተሯ ፈገግ ብላ ተቀበለችኝ። «የእሱም መልስ የእርስዎም መልስ ይገጥማል፤ እንደ ጥናቱ አሠራር ከአሁን በኋላ በወር አንዴ ቢመጣ ይበቃል» አለችኝ። «ተመስገን» ብዬ ወጣሁ። ልጄ አግዳሚው ላይ ነበር።

«በወር አንዴ ተባለ አይደል? ደስ አይልም?»

«ደስ ይላል» አለኝ፣ ወለሉን እያየ።

ባጃጅ ጠርቼ ወደ ቤት ሄድን።

በማግስቱ ገበያ ነኝ። የመቂው ቲማቲም ተጨፍልቆ ስለመጣ ለቅሜ ደህና ደህናውን ከላይ እደረድራለሁ። ሁላችንም የምናደርገው ነው። ጎረቤቴ ነጭ ሽንኩርቷን እየላጠች «ልጅሽ ትናንት ማታ ላይ እኛ ቤት መጥቶ ነበር» አለችኝ።

«ምን ሊል?»

«ይቅርታ ሊጠይቅ። ሕፃን ሆኖ ዶሮዬን በድንጋይ ብሎ ገድሎብኛል አሉ። እኔ እኮ የትኛዋ ዶሮ እንደሆነች እንኳ ትዝ አይለኝም!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቁ ከፊቷ ወረደ። «ስሚ» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ «ሃያ ዓመት ላለፋት ዶሮ ይቅር በይኝ የሚል ሰው የት ሊሄድ ነው?»

እጄ ላይ የነበረው ቲማቲም ፈረጠ።

«መንጃ ፈቃዱንም ሰጥቶኛል» አልኳት።

«ለዶክተሯ ነገርሻት?»

«ምን ብዬ?»

«ምን ብዬ ትላለች! ለእሷም እንደዚህ ነው እንዴ የምትደረድሪላት፣ ደህና ደህናውን ከላይ?»

እሷ ሽንኩርቷን በማዳበሪያ ሸፍና ተነሳች። «አንቺ ወደ ዶክተሯ ሂጂ። እኔ እሱ ጋ እሄዳለሁ። ስለ ዶሮው ገና አልጨረስንም እለዋለሁ፣ ብቻውን አይሆንም።»

ሽርጤን ሳልፈታ ሄድኩ። ዶክተሯ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ በር ላይ አገኘኋት። እኔን ስታይ ቆመች።

«እንዴት ነዎት እናቴ?»

«ተመስገን፣ ደህና» አልኩ። አፌ ነው ያለው፤ እኔ አላልኩም። ከዚያ ግድግዳውን ይዤ «አይደለም» አልኳት። «ደህና አይደለሁም። እሱም ደህና አይደለም። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ዋሽቼሻለሁ ልጄ።» አንቺ ማለቴን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

ቢሮ አስገባችኝ። ስለ ቀበቶው፣ ስለ ጃኬቱ፣ ስለ መንጃ ፈቃዱ፣ ስለ ዶሮው ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «አሁን ከማን ጋር ነው ያለው?» ጎረቤቴ ጋ ደወልን፣ ይዤው እመጣለሁ አለች። እስኪመጡ ድረስ «አታባርሩትም አይደል?» አልኳት።

«ማነው ይባረራል ያለዎት?»

«የመቂውን ሰውዬ አባራችሁት የለ?»

«እሱማ ባቱ ሥራ አግኝቶ ነው። እዚያው እየሄድኩ አየዋለሁ።» ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። «ደህና ነው ሲሉኝ የኖሩት በዚህ ምክንያት ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ የተቆለሉትን የሰው ፋይሎች እያየች ፊቷ ጠቆረ። «ጥያቄውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «እንዴት ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚመለስ የአዳሚ ቱሉ ልጅ አጥታው አይደለም። እናቴ ስትደውልልኝ እኔስ ደህና ነኝ አይደል የምላት? ወረቀት ላይ ሳሰፍረው ግን ረሳሁት። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ ደህና ብሎኝ ሄዷል?»

በዚያች ሰዓት ከእኔ ያልተናነሰ ፈርታ ነበር። እሷን ያመንኳት ያኔ ነው።

ጎረቤቴ ልጄን በባጃጅ ይዛው ደረሰች፤ እንደ ልማዷ እያወራች፣ በእጇ ግን ክንዱን አጥብቃ እንደያዘች ነበር። እሷ ደጅ ቀረች፣ ሦስታችን ገባን። ዶክተሯ «እናትህ ትቀመጥ ወይስ ትውጣ?» አለችው። ትከሻውን ነቀነቀ። ተቀመጥኩ። የነገርኳትን ሁሉ እሱ ባለበት ደገምኩት። ወልጄ ያሳደግሁትን ልጅ የከሰስኩት መሰለኝ።

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ደህና ነው ስትይ የኖርሽው?» አለኝ።

«አንተስ?»

«እኔማ… አንቺ ስትገቢ እኮ ደጅ ነው የምቀመጠው። በሩ ያሰማል። ተመስገን ደህና ነው ትያለሽ በየሳምንቱ። እማዬ ይሄን ያህል ደስ ካላት እኔ ገብቼ ምን ብዬ አፈርሰዋለሁ እላለሁ።»

እኔ እሱን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር። እሱ ደግሞ እኔን ይጠብቅ ነበር። እናትና ልጅ ከበሩ በዚህና በዚያ ሆነን አንዳችን የአንዳችንን አፍ ዘግተን ነው ዘጠኝ ሳምንት የከረምነው።

ከዚያ ዶክተሯ ወደ እሱ ዘንበል ብላ፣ ድምጿን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ «መሞት ታስባለህ?» አለችው።

«በስመ አብ!» ብዬ ብድግ አልኩ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር ስሙ አይነሳም፤ የጠሩት ይመጣል እንላለን። ጆሮውን ልይዝለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ልጄ ግን «አዎ» አለ። ካለ በኋላ ተነፈሰ፤ ትልቅ መኪና ሲቆም ታምቆ የነበረውን አየር እንደሚለቀው፣ ረጅም። ስም መጥራቱ ነገሩን አላመጣውም። መጥቶ ከርሞ ነበር፤ ብቻውን ተሸክሞት ነበር።

በዚያው ቀን አስተኙት። አሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ቆየ፣ መድኃኒቱም ተለወጠ። ሲወጣ ቤት ውስጥ ምን ምን መነሳት እንዳለበት፣ ምን ሳይ መደወል እንዳለብኝ ዶክተሯ አንድ በአንድ ነገረችኝ። የወር የተባለው ቀጠሮ ቀረና ረቡዕ ረቡዕ መሄዳችን ቀጠለ። ጥያቄዋ ግን ያ አይደለም። አሁን «ትናንት ምሳ ምን ቀረበለት? ምን ያህሉ ተረፈ? ከማን ጋር አወራ? ለሰው የሰጠው ዕቃ አለ?» ነው የምትለኝ። የተረፈ እንጀራ ተመስገን አይባልበትም፤ ያየሁትን እናገራለሁ። ሌሎቹንም ቤተሰቦች እየዞረች እንደገና ጠይቃለች። አንዳንዱ አልቅሷል፣ አንዳንዱ ምነው ልጄን ክፉ አደረግሽብኝ ብሎ ተቀይሟታል። «የድሮውን ወረቀት ሁሉ ጣልሽው?» ብዬ ጠይቄያት «አልጣልኩትም፣ ስህተቱም የጥናቱ አካል ነው፣ ይጻፋል» አለችኝ። ጥናቱ ገና አላለቀም። ሁለቱን አብሮ ማከም ይሻል አይሻል እስከ ዛሬ ስጠይቃት አላውቅም ነው የምትለኝ። ይሄ ቃል እንደ ድሮው አያስደነግጠኝም።

ልጄ ድኗል ብዬ አልጽፍም። ጎማ ጥገና ቤት ግማሽ ቀን መሥራት ጀምሯል። ሁለት ጊዜ ወደ ጫቱ ተመልሶ ነበር፣ ሁለቱንም ጊዜ ለዶክተሯ ራሱ ነገራት። እኔ አሁንም እፈራለሁ። ዝም ሲል እፈራለሁ፣ ሲስቅም እፈራለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ጠዋት ገበያ መጣ። ገበያ መጥቶ አያውቅም፣ ቲማቲም መሸጤን ሕፃንም ሆኖ ያፍርበት ነበር። ለደንበኛ እየመዘንኩ ነው። በሰዎቹ መሐል አልፎ ሚዛኑ አጠገብ ቆመና፣ ጎረቤቴም ደንበኛዬም እየሰሙ «እማዬ፣ ዛሬ ያ ሐሳብ መጥቶብኛል። ጫቱም አምሮኛል። ብቻዬን መሆን አልፈልግም» አለኝ።

ጎረቤቴ ሚዛኑን ከእጄ ተቀበለችኝና ለደንበኛዬ መመዘን ቀጠለች። ነጠላዬን አንስቼ አብሬው ወጣሁ። ባጃጅ ልጥራ ስለው በእግራችን እንሂድ አለኝ፣ በእግራችን ሄድን። ፀሐዩ በርትቶ ነበር። ምን ልበለው እያልኩ ስጨነቅ መንገዱ አለቀ።

ሆስፒታል ስንደርስ ዶክተሯ ከሌላ ሰው ጋር ናት፣ ጠብቁ ተባልን። አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ትልቅ ሰው ነው፣ እጁን እንደ ሕፃን አልያዝኩትም። ክርኑ ግን ክርኔን ነክቶ ነበር፤ እሱም አላነሳውም፣ እኔም አላነሳሁትም። እስክትጠራን ድረስ እንደዚያ ሆነን ጠበቅን።